ቅዳሜና እሁድ ከቤተሰብ ጋር ተራራና ፈረስ፦ የቱ ይቅደም?

የሁለቱ አባት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ከቤተሰቤ ጋር ከከተማ ወጣ ብለን አንዱን ቀን ተራራ ልንወጣ፣ አንዱን ቀን ደግሞ ፈረስ ልንጋልብ አስበናል። አምስት ነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ11 ዓመት ሴት ልጄ፣ የ6 ዓመት ወንድ ልጄ፣ እና 64 ዓመት የሞላት እናቴ። እናቴ በእግር መሄድ ትወዳለች፣ ቁልቁለት ላይ ግን ጉልበቷን ያማታል። ባለቤቴ ፈረስ ትፈራለች፤ «እናንተ ጋልቡ፣ እኔ ፎቶ አነሳችኋለሁ» ብላ ተገላግላለች። ልጅቷ ፈረስ ከተባለ እንቅልፍ የላትም። ትንሹ ለ20 ደቂቃ ማንም አይችለውም፣ ከዚያ በኋላ «እዘለኝ» ይጀምራል።

ማናችንም ፈረስ ላይ በቅጡ ተቀምጠን አናውቅም። ልጅቷ ብቻ ሰው ገመድ ይዞላት ሜዳ ዞራ ታውቃለች።

ያየሁት የተራራ መንገድ ደርሶ መልስ 6 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዳገቱ ወደ 450 ሜትር ይሆናል። ፈረስ የሚያከራዩት ሰዎች ደግሞ ከመሪ ጋር የሁለት ሰዓት ጉዞ አለን ብለውኛል።

እኔ ያሰብኩት ጉልበታችን ሳይደክም ቅዳሜ ተራራውን እንውጣና እሁድ ፈረሱ ይሸከመን የሚል ነው። ታናሽ ወንድሜ ግን «ገልብጠኸዋል» ብሎ ዘጋኝ፤ ለምን ብለው መልስ የለም። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሌላው፣ ይሄ 6 ኪሎ ሜትር በልክ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ነው የሚነግረኝ። ደግሞ ትንሹን እፊቴ አስቀምጬ አብረን መጋለብ ይቻላል? 88 ኪሎ ነኝ፤ ለፈረሱም አዝናለሁ።

---

ባለ ልጓም፦

ወንድምህ ልክ ነው። ፈረሱ ይቅደም።

«ፈረሱ ይሸከመናል» የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው ሥራ ፈት አይደለም። ፈረሱ በተራመደ ቁጥር ያወዛውዝሃል፤ አንተ ደግሞ በጭንህ፣ በወገብህና በሆድህ ሚዛንህን ስትጠብቅ ትውላለህ። አሁን ይሄንን ተራራ ወርደህ ባደርክ ማግስት አስበው። እግርን ይበልጥ የሚያሳምመው ከመውጣቱ መውረዱ ነው። ስትወርድ የፊት ጭንህ እየተሳበ ነው ክብደትህን የሚይዘው፤ ያልለመደ ጡንቻ እንደዚያ ሲሠራ ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል። ሕመሙ ደግሞ ወዲያው አይመጣም፤ ሲያድር ይጀምርና ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚብሰው። ቅዳሜ ተራራ ከሆነ እሁድ ጠዋት እግራችሁን አንስታችሁ እርካብ ውስጥ ማስገባት ራሱ ጣጣ ይሆናል። ቅዳሜ ፈረስ ከሆነ ግን የሚዝለው በአብዛኛው የውስጥ ጭናችሁ ነው፤ እሱ ለመራመድ ያን ያህል አያስቸግርም። የተራራው ሕመም ሰኞ ይምጣ፣ ወንበርህ ላይ ተቀምጠህ ትቀበለዋለህ።

ለእኔ ግን ከዚህ የሚበልጠው ሌላ ነው። የደከመ ልጅ ተራራ ላይ ቢሆን ያለቅሳል፣ ይቀመጣል፣ ትጠብቀዋለህ። የደከመ ልጅ ፈረስ ላይ ከሆነ ይንሸራተታል።

የሁለት ሰዓቱን ጉዞ ተወው። ለጀማሪ አንድ ሰዓት ይበቃል። ለትንሹ 20 ደቂቃ፣ ያውም ሰው ገመዱን ይዞ እየመራው። ከዚያ ካለፈ ጀማሪ ሰው ሰውነቱ ይላላል፣ ላለመውደቅ ዛቡን (የልጓሙን መያዣ) ይጎትታል፣ ዛቡ በተጎተተ ቁጥር አፉ ውስጥ ያለው ብረት ፈረሱን ያሳምመዋል፤ ከዚያ በኋላ የሁለታችሁም ፊት ይጠቁራል።

ክብደትን ብንነሣ፣ ብዙ ቦታ የሚሠራበት ልክ አለ። ፈረስ ኮርቻውን ጨምሮ የራሱን ክብደት 20 በመቶ ያህል ቢሸከም ነው። አንተ 88፣ ኮርቻው 10 ብንል 98 ኪሎ መጣ። ስለዚህ ቢያንስ ወደ 490 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ትፈልጋለህ። 350 ኪሎ የሆነ ትንሽ ፈረስ በዚህ ስሌት ልኩ 70 ኪሎ ነው። ስትደውል የሁላችሁንም ክብደትና ቁመት ሳይጠይቁህ ንገራቸው። ክብደት ብትነግረው «ችግር የለም፣ ማንም ይችላል» የሚል አከራይ ከገጠመህ እኔ ብሆን ሌላ እፈልጋለሁ።

ትንሹን እፊትህ ማስቀመጥ? አይሆንም። ኮርቻ የሚሠራው ለአንድ ሰው ነው። ፈረሱ ቢደነብር በአንድ እጅህ ልጁን፣ በሌላው ዛቡን ይዘህ ሁለቱንም በቅጡ አትይዝም። ከወደቃችሁ ደግሞ 88 ኪሎህ የሚያርፈው ልጁ ላይ ነው። «እንዳይወድቅ» ብሎ ከኮርቻው ጋር ማሰር ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። የወደቀ ሰው ከፈረሱ መለየት መቻል አለበት፤ የታሰረ ልጅ ይጎተታል።

---

ዳገት ወዳዷ፦

ባለ ልጓም ስለ ጡንቻው ያለው እውነት ነው። እኔ ግን ቅደም ተከተሉን በጡንቻ ብቻ አልወስንም። በአየር ነው የምወስነው። ከሁለቱ ቀን አንዱ ዝናብና ነጎድጓድ ካለው ሌላውን ቀን ለተራራው ስጡ፣ ቅዳሜም ይሁን እሁድ። ፈረሱ ሜዳ ላይ ከሆነ በ10 ደቂቃ ተመልሳችሁ ጣሪያ ሥር ትገባላችሁ። ሸንተረር ላይ መብረቅ ከያዛችሁ ግን ከአንዲት የ64 ዓመት ሴትና ከአንድ የ6 ዓመት ልጅ ጋር ወዴት ትሮጣላችሁ? ፈረሱን ስትይዝ «እንደ አየሩ ሁኔታ ቀኑን ልንለውጥ እንችላለን?» ብለህ ጠይቃቸው።

ስለ ሰዓቱ ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር የሚነግርህ ኪሎ ሜትሩን ብቻ ስለሚቆጥር ነው። ዊሊያም ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀላል ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ዳገቱ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ትጨምራለህ። የአንተ መንገድ ስድስቱ ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ፣ ዳገቱ 45 ደቂቃ፣ በድምሩ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ይሄ ግን ሳያርፍ፣ ፎቶ ሳያነሳ፣ «ሽንቴ መጣ» ሳይል የሚሄድ ጠንካራ ጎልማሳ ነው። በእናንተ ቡድን እጥፍ አድርገው። አራት ሰዓት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከተነሳችሁ 5 ሰዓት ላይ ታች ናችሁ፤ ብትዘገዩም ገና ረፋድ ነው።

በጠዋት ተነሱ የምለው ለጉራ አይደለም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ሞቃቱ አየር እርጥበቱን ይዞ ሽቅብ ይወጣል፤ ተራራ ላይ ነጎድጓድ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ለዚህ ነው። ብልጭታውን አይተህ ድምፁ እስኪመጣ ሰከንድ ቁጠር፣ ለሦስት አካፍለው፣ በግምት ርቀቱ በኪሎ ሜትር ነው። 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከሰማኸው በቂ ቅርብ ነው፤ ከሸንተረር ውረዱ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ራቁ፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዩ።

የመመለሻ ሰዓት ቤት ሆናችሁ ወስኑ። ለምሳሌ «4 ሰዓት ላይ የትም እንሁን የት እንመለሳለን»። ይሄን ለልጅቷም ቀድመህ ንገራት። አለዚያ ጫፉ 200 ሜትር ሲቀረው ክርክር ይጀመራል፣ አንተም ልብህ ከእሷ ጋር ስለሚሆን ትሸነፋለህ።

ትንሹን ከፊት አድርገው። ከኋላ የሚጎተት ልጅ ሁሌም እንደዘገየ ነው የሚሰማው፤ ከፊት ከሆነ መሪ ነው። ዕረፍት ደግሞ እሱ ከመጠየቁ በፊት ስጡት። «ስንት ቀረን?» ካለ ዘግይታችኋል ማለት ነው።

ልብስ። የጥጥ ቲሸርትና ጂንስ ላብና ዝናብ ከጠጣ ቶሎ አይደርቅም፣ ቆማችሁ ስታርፉ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ልብስ ከሥር፣ የሚያሞቅ ከላይ፣ ንፋስና ዝናብ የሚከላከል ጃኬት በቦርሳ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል። 450 ሜትር ብዙ አይመስልም፣ ግን ንፋስ ይጨመርበታል።

ለሁለቱም ልጆች አንዳንድ ፊሽካ አንገታቸው ላይ አንጠልጥሉ። በተራራ ላይ የታወቀው የድረሱልኝ ምልክት በደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ነፍቶ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ ከዚያ መድገም ነው። የሰማ ሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይመልሳል። ለ6 ዓመቱ ይሄ ስለሚበዛበት «ካላየኸን ባለህበት ቁም፣ ንፋ» በቂ ነው። መሮጥ ሳይሆን መቆም።

---

እማማ ተራማጅ፦

ልጄ፣ እኔም አያት ነኝ፣ ጉልበቴም እንደ እናትህ ነው። ስለ እናትህ ብዙ ጻፍክ፣ እሷን ግን የጠየቅካት አትመስልም። ቁጭ በልና «የት ድረስ መሄድ ትፈልጊያለሽ?» በላት። ምናልባት እስከ ግማሹ ሄዳ ጥላ ሥር መቀመጥ ትፈልግ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ከሁላችሁ ቀድማ ጫፉ ላይ ትጠብቃችሁ ይሆናል፤ እኛን ቀላል አድርጋችሁ አትዩን። ግማሽ መንገድ ላይ የምትቀር ከሆነ ግን አንድ ትልቅ ሰው አብሯት ይቅር። ብቻዋን አትተዋት።

ለቁልቁለቱ ሁለት ምርኩዝ ይዛ ትሂድ። አንድ አይደለም፣ ሁለት። ስትወርድ ረዘም አድርጋ ከፊቷ ትተክላቸውና ክብደቷን በክንዷ ትካፈላለች፤ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ይቀንሳል። እርምጃዋን ታሳጥር፣ መንገዱ ሰፊ ከሆነ ቀጥ ብላ ሳይሆን ዚግዛግ እየሠራች ትውረድ። ቦርሳ አታሸክሟት። ደግሞ አታጣድፏት። ከኋላዋ ሆኖ «እማዬ ቀስ» የሚል ሰው ራሱ ያጣድፋል።

ፈረስ ላይ ልትወጣ ካሰበችም ይቻላል። ጉልበት ላለበት ሰው ከባዱ መጋለቡ ሳይሆን መውጣቱና መውረዱ ነው። ጠንካራ መወጣጫ ይኑር፤ ድንጋይም ይሁን የእንጨት ደረጃ። ሲወረድም ከዚያ ከፍታ መሬት ላይ ዘሎ ማረፍ የለም፣ መወጣጫው ላይ ይወረድ። ለፈረሱም ጀርባ የሚሻለው ይሄው ነው፤ ከመሬት ተንጠልጥሎ የሚወጣ ሰው ኮርቻውን ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል።

ሚስትህን ደግሞ አትቀልድባት። ፈረስ የሚፈራ ሰው ቂል አይደለም፣ ግማሽ ቶን የሚያህል እንስሳ ነው። መጀመሪያ መሬት ላይ ሆና ታብሰው፣ አንገቱን ትዳብሰው፣ ገመዱን ይዛ ትንሽ ትምራው። ከዚያ መውጣት ካማራት ራሷ ትናገራለች። ካላማራት ፎቶው ይነሳ፣ ምን ክፋት አለው።

---

ቤት ይሻለኛል፦

ሚስት፣ እናት፣ ሁለት ልጅ፣ ፈረስ፣ ተራራ፣ ፊሽካ፣ የመብረቅ ስሌት… ይሄ ዕረፍት ነው ወይስ ዘመቻ? ሰኞ ሥራ የምትገባው ለማረፍ ነው ማለት ነው። አንዱን መርጣችሁ ሌላውን ለሌላ ጊዜ ብታደርጉት ምናለ።

---

ዳገት ወዳዷ፦

ቤት ይሻለኛል፣ ሳቅህን ተቀብዬ ግማሹን ግን እውነት ነው እላለሁ። ሁለቱንም በሁለት ቀን ማድረግ ይቻላል፣ ሁለቱንም ቀን ሙሉ መሙላት ግን አይቻልም። ጠዋቱን ሥሩበት፣ ከሰዓቱን ባዶ ተዉት። ልጆቹ ድንጋይ ይደርድሩ፣ ትልልቆቹ ይተኙ። የቤተሰብ ጉዞ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ «ገና ብርሃን ነው፣ አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር» ሲባል ነው።

---

የሁለቱ አባት፦

እናንተ ሰዎች ተባረኩ። እማማ፣ እናቴን ጠየቅኳት። «እኔ እወጣለሁ፣ አንተ ግን ቦርጭህን ይዘህ እንዴት እንደምትወጣ አላውቅም» አለችኝ። መልስ አገኘሁ።

ፈረሱን ቅዳሜ ለማድረግ ተስማምተናል፣ አየሩ ካልተበላሸ። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ቤት ውስጥ የልጆቹ የብስክሌት ሄልሜት አለ፣ ለፈረሱ እሱ አይበቃም? ሁለተኛ፣ መጀመሪያ ላይ ሳልጽፈው ቀርቶ ነው፣ የምናድርበት ቦታ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የምንኖረው ቆላ ነው፣ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አይልም። ዓርብ ማታ ነው የምንደርሰው። ይሄ ለልጆቹ ችግር አለው?

---

ነጭ ጋዋን፦

ነርስ ነኝ። ሁለተኛውን እኔ ልመልስ።

ከፍታው ፈረሱን ቅዳሜ የምታደርጉበት ሌላ ምክንያት ሆነላችሁ። የከፍታ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ በተለይ ከዝቅተኛ ቦታ በአንድ ቀን ወጥቶ እዚያው ላደረ ሰው። እናንተ ወሰኑን ትንሽ ነው ያለፋችሁት፣ አብዛኛው ሰው ቢበዛ ቀላል ራስ ምታትና የተቆራረጠ እንቅልፍ ነው የሚገጥመው። ቢሆንም የመጀመሪያው ሙሉ ቀን ቀለል ያለ ይሁን። ቅዳሜ አንድ ሰዓት ፈረስ፣ ከዚያ ዕረፍት። እሁድ ሰውነታችሁ ትንሽ ለምዶ ይጠብቃችኋል።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ከዚያ ላይ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ወይም ማዞር ነው። ከደረሳችሁ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊጀምር ይችላል፣ ስለዚህ ዓርብ ማታ ደህና ነን ብላችሁ አትደምድሙ። የ6 ዓመት ልጅ «ራሴን አመመኝ» ላይል ይችላል። ምግብ እምቢ ካለ፣ መጫወት ከተወ፣ ያለ ምክንያት ከተነጫነጨ ከፍታው ሊሆን ይችላል ብላችሁ ጠርጥሩ። እንዲህ ከሆነ ሽቅብ መጨመር የለም። እየባሰ ከሄደ መውረድ ነው፤ ከመውረድ የሚሻል መድኃኒት የለውም። እየተንገዳገደ የሚሄድ፣ ግራ የተጋባ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ይንጋ ሳይባል ወዲያው ውረዱና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እናትህ የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪሟን ታማክር።

ፀሐዩንም አትናቁት። ቀዝቃዛ ስለሆነ አይታወቅም እንጂ በየ1,000 ሜትሩ የሚያቃጥለው ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ኮፍያ፣ መነጽር፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፤ ጆሮና አንገት የሚረሱት ቦታዎች ናቸው።

እግር ደግሞ። አዲስ ጫማ ለዚህ ቀን አይገዛም፤ ከተገዛም ቀደም ብሎ ቤት ውስጥና ሰፈር ውስጥ ይለመድ። እግር ውሃ ከመቋጠሩ በፊት የሚሞቅ፣ የሚፈገፍግ ቦታ አለው። ልጁ «እዚህ ጋ ይበላኛል» ሲል ያኔውኑ አቁማችሁ ካልሲውን አውልቁና ፕላስተር ለጥፉ። «ትንሽ ቀርቷል፣ ቻለው» ካላችሁት አዝላችሁት ነው የምትመለሱት።

---

ባለ ልጓም፦

ሄልሜቱን እኔ ልመልስ። የብስክሌቱ አይበቃም። የፈረስ ሄልሜት የጭንቅላትን የኋላ ክፍል ዝቅ ብሎ ይሸፍናል፣ የሚፈተሽበትም መንገድ ሌላ ነው። ደህና አከራይ የልጅም የአዋቂም መጠን አለው። ሲታሰር ጣት የሚያስገባ ያህል ብቻ ይቅር፤ ጭንቅላትህን ስትነቀንቅ የሚንሸራተት ከሆነ መጠኑ አይደለም። በኃይል ተመትቶ የሚያውቅ ሄልሜት ከላይ ምንም ባይታይበትም አይደረግም። አንተም ታደርጋለህ፣ ልጆቹን ብቻ አታስደርግ።

ጫማ ትንሽ ተረከዝ ያለው፣ ሶሉ ብዙ ያልተቦረቦረ። ተረከዙ እግር በእርካብ ውስጥ ሾልኮ እንዳያልፍ ያደርጋል። የተራራው ወፍራም ቦት እርካቡ ውስጥ ሊቀረቀር ይችላል፣ ስለዚህ አንዱን ጫማ ለሁለቱም አታስቡት። እግር የሚገባው እስከ ጣቶቹ ሥር ድረስ ብቻ ነው፣ ተረከዝ ወደ ታች።

የፈረስ ዓይኖች ወደ ጎን ናቸው፤ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፣ ቀጥታ ከኋላውና ግንባሩ ሥር ያለውን ግን አያይም። ስለዚህ ልጆቹ ከኋላ አይጠጉት። ከትከሻው በኩል፣ እያወሩ፣ እየተራመዱ እንጂ እየሮጡ አይደለም። ጆሮውን ወደ ኋላ አጣብቆ ካስተኛ ተቆጥቷል፣ ራቁት። የሚበላ ነገር የሚሰጡት ከሆነ መዳፍን ዘርግቶ፣ አውራ ጣትን ከጎን ሳያወጡ፤ ያውም ባለቤቱን ጠይቆ።

ከመውጣታችሁ በፊት ኮርቻውን ከሆዱ ሥር የሚያስረው ጠፍር መጥበቁን መሪው ያሳያችሁ። ትንሽ ከሄዳችሁ በኋላ እንደገና ይታይ። አንዳንድ ፈረስ ሲታሰር ሆዱን ይነፋል፣ ሲራመድ ይለቀዋል፣ ጠፍሩ ይላላል፣ ኮርቻው ይዞራል። ይሄን ሳትጠይቀው የሚያደርግ መሪ ካገኘህ እሰየው። ካላደረገ «ጠፍሩን ድጋሚ እይልን» ማለት ነውር አይደለም።

ዳገት ሲሆን ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል፣ ከጨነቃችሁ ጋማውን ያዙ እንጂ ዛቡን አትጎትቱ። ቁልቁለት ሲሆን ቀጥ በሉ፣ ቢበዛ ጥቂት ወደ ኋላ። ዛቡን እጅ ላይ መጠምጠም የለም፣ በምንም ምክንያት። በመካከላችሁ ቢያንስ የአንድ ፈረስ ርዝመት ክፍተት ይኑር። ጭራው ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ካያችሁ ተራጋጭ ነው፣ ክፍተቱን ጨምሩ።

---

የሁለቱ አባት፦

ደወልኩ። ክብደት ጠየቁኝ፣ ሳልነግራቸው በፊት! ትልቅ ፈረስ አለን ብለዋል፣ ሄልሜት በየመጠኑ አለ፣ ለትንሹ ገመድ የሚይዝ ሰው ይመድባሉ፣ ቀኑም እንደ አየሩ ይቀየራል። ባለቤቴ ደግሞ ይሄን ሁሉ አንብባ «ማበሱን እሞክራለሁ» አለች። ከዚህ በላይ አልጠይቅም።

አንድ ጭቅጭቅ ብቻ ቀርቷል። ልጅቷ «ርምጃ ብቻ ከሆነ ምኑን ጋለብኩት» ብላ አኩርፋለች። ትንሽ ብትሮጥ ምን ይላችኋል?

---

ባለ ልጓም፦

ግልቢያ አይሆንም። ሶምሶማ ግን ሊታሰብ ይችላል፣ መሪው ከተስማማ። መጀመሪያ በርምጃ ሆና ሦስት ነገር ታሳይ፦ ፈረሱን ማቆም፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዞር፣ እና ዛቡን ሳትንጠለጠልበት ሚዛኗን መጠበቅ። እነዚህን ከቻለች መሪው አጠገቧ ሆኖ ሜዳ ላይ አጭር ሶምሶማ ትሞክር። ስትነጥር ኮርቻውን ወይም ጋማውን ብትይዝ አያሳፍርም።

ይሄ ሁሉ ግን ከጋጣው እየራቃችሁ ስትሄዱ ነው። መልሱን ሁላችሁም በርምጃ ጨርሱ። ፈረስ ወደ ቤቱ ሲዞር ሳይነዱት ይፈጥናል፤ የ11 ዓመት ጀማሪ ያንን አታቆመውም።

ደግሞ የዳገት ወዳዷ የመመለሻ ሰዓት እዚህም ይሥራ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ ከመውጣቷ በፊት ንገራት፣ ከወጣች በኋላ ከሆነ አትሰማህም።